ወደ ጨፌው ከመሄድ አስቀድሞ



ጨፌ ማለት ውኃ የጠገበ፣ ሣር የለበሰ ለምለም መስክ መሆኑን፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ተወልዶ ከብት ላገደ ሰው መተርጐም ድፍረት ይሆንብኛል። ይሁን እንጂ ይህ የመስክ ስም እንዴት የጉባኤ ስም እንደ ሆነ በጥቂቱ ማስታወስ ለዛሬው ነገሬ መግቢያ ይሆነኛል። በገዳው ሥርዓት ሕግ ሲደነገግና የተጣላ ሲታረቅ፣ ሽማግሌዎቹ በኦዳው ዛፍ ጥላ ሥር በለምለሙ ሣር ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ ተናጋሪ እስኪጨርስ ሌላው በትዕግሥት እየሰማ ይመክሩ ነበርና፣ የተቀመጡበት ስፍራ ለምክራቸው ስሙን አወረሰ። ዛሬ ሣሩ በምንጣፍ፣ የኦዳውም ጥላ በአዳማው የአባ ገዳ አዳራሽ ጣራ ቢለወጥም፣ 537 መቀመጫ ያለው የኦሮሚያ ክልል ሕግ አውጪ ምክር ቤት ጨፌ መባሉን አልተወም፤ ሰብሳቢውም አፈ ጨፌ ይባላል። እኔም እንድናገር የታዘዝሁት፣ ይህ ጨፌ ከመሰብሰቡ በፊት ከተማችን አሰላ ምን ይዛ ትቅረብ፣ ምኑን ታስቀድም፣ ምኑንስ ትተው በሚለው ነገር ነው።

የቀድሞው ሰው ከመንግሥት ዘንድ ጉዳይ ሲኖረው ደጅ ይጠና ነበር። ስንቁን ቋጥሮ፣ በበቅሎ ወይም በእግሩ ወጥቶ፣ ክረምትና በጋ በመኳንንቱ አጥር ሥር እየተፈራረቁበት፣ ባለሟል እያማለደና እጅ መንሻ እያቀረበ፣ አንድ ቀን ከዓይን እገባ ይሆናል በማለት ዘመኑን ይፈጅ ነበር። ይህ ልማድ ከዘመኑ ጋር ተቀበረ የምትሉኝ ብትኖሩ ግን አልስማማም፤ ሹሙ ፋይሉን በብብቱ ሸጉጦ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር፣ ጉዳዩን በሕግ ከማስፈጸም ይልቅ በትውውቅ ለማስጨረስ ሲመኝ ባየሁ ቁጥር፣ በቅሎዋ በመኪና ከመለወጧ በቀር ደጅ ጥናቱ ያው መሆኑን አስተውላለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛልና፣ ከተማ ወደ ክልሉ ጉባኤ ስትቀርብ የምትጠይቀው በሕግ የተነገረላትን ድርሻ እንጂ ምጽዋት አይደለም። መጠየቋ ግን ግዴታ ነው፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል እንደ ኖረው።

ይህ የከተማና የክልል ጉዳይ የእኛ ብቻ ጭንቀት እንዳይመስላችሁ፣ ወደ ሩቅ አገር አንድ ጊዜ ልውሰዳችሁ። በአሜሪካ፣ አዮዋ በምትባለው ግዛት ጆን ዲለን የሚባል ዳኛ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1868 በሰጠው ፍርድ፣ ከተሞች ሕልውናቸውንም ሥልጣናቸውንም ያገኙት ከግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ስለ ሆነ፣ የፈጠራቸው ምክር ቤት ሊያጠፋቸውም ይቻለዋል ብሎ ነበር። ፍርዱ ለብዙ ዘመን በብዙ ግዛቶች ሲሠራበት ኖረ። የሚዙሪ ግዛት ግን ሰባት ዓመት ያህል ቆይታ፣ በ1875 ባወጣችው ሕገ መንግሥት ሴንት ልዊስ የተባለችው ከተማ መተዳደሪያዋን ራሷ እንድትጽፍ ፈቀደች። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ብዙ ከተማ፣ የግዛቱ ምክር ቤት ከመሰብሰቡ በፊት፣ ምን ሥልጣን እንደሚጐድለው አስቦ መጠየቅን ልማድ አደረገ። ልብ በሉ፤ ጥያቄያቸው ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ስለ ሕግም ነው። ዛሬ ላስጨብጣችሁ የምሻው ነገር ይኸው ሲሆን፣ ማስረጃዬን የማመጣው ግን ከአዮዋ አይደለም፤ ከዚሁ ከጭላሎ ነው።

በ1959 ዓ.ም ማብቂያና በ1960 ዓ.ም መባቻ ግድም፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከስዊድን መንግሥት ጋር ተዋውሎ፣ ማእከሉን አሰላ ላይ ያደረገ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። እናንተ ካዱ የምትሉት፣ አባቶቻችሁም ካዱ ብለው የሚያወጉት እርሱ ነው። ሥራውን ለማሞገስ ብዙ ቃል አያሻም። ቁሉምሳ ላይ የስንዴ ዘር እየተመረጠና እየተባዛ፣ ማዳበሪያ በብድር እየተሰጠ፣ የተዳቀሉ ጊደሮች በየገበሬው በረት እየገቡ፣ የገጠር መንገድና የጤና አገልግሎት እየተስፋፋ፣ ከአጠገቡ ያለው ወጣ ገባ መሬት የአገሪቱ የስንዴ ጐተራ ለመሆን የበቃው በዚያ መሠረት ላይ ነው። ቁሉምሳ ዛሬም በስንዴ ምርምር ስሟ የሚጠራ ስፍራ ናት፤ የአሰላው ብቅል ፋብሪካም ቢሆን ከዚህ ደጋ ገብስ ውጭ ሊታሰብ አይችልም። ከዚህም በላይ ድርጅቱ ከመሥራቱ በፊት ያጠና ነበር፤ የማሳውን ስፋት፣ የገበሬውን ኑሮ፣ የእህሉን ዋጋ መዝግቦ፣ ቆጥሮና መዝኖ ነበር እንጂ በስማ በለው የተነሣ አልነበረም።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ በጎ ሥራ መካከል አንድ ነገር ጐደለ፤ እርሱም ሕግ ነበረ። ድርጅቱ ሲጸነስ ሊረዳ ያሰበው ትንሹን ገበሬ፣ ይልቁንም ጭሰኛውን ነበር። ስንዴው በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ምርቱ እጥፍ ድርብ ሲሆንና የእርሻ ትርፉ ሲታወቅ ግን፣ ባለርስቱ መሬቱን ለጭሰኛ በእኩል ከመስጠት ይልቅ ትራክተር ገዝቶ ወይም ለባለ ትራክተር አከራይቶ ማሳረስን መረጠ። ጭሰኛውም ከነቤተሰቡ፣ አባቱ ካረሰው መሬት፣ ያለ ካሣና ያለ ዳኝነት ተነሣ። ይህን ከጥላቻ የተነሣ ወሬ ነው የሚል ቢኖር፣ የድርጅቱ ባለሙያዎች ራሳቸው በዘመኑ አይተው የጻፉትና የተጨነቁበት ነገር ነው። ስዊድኖቹም በባለርስትና በጭሰኛ መካከል ያለውን ግንኙነት የሚወስን ሕግ እንዲወጣ ደጋግመው ቢያሳስቡ፣ ረቂቁ ቢዘጋጅና ወደ ፓርላማ ቢቀርብ፣ በዚያ ፓርላማ ውስጥ ብዙ ባለርስቶች ተቀምጠው ነበርና፣ የ1966ቱ አብዮት እስኪደርስበት ድረስ ከዚያ ሳይወጣ ቀረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲታወጅ ጥያቄው ተዘጋ፤ በመካከሉ ከመሬቱ ለተነሣው ጭሰኛ ግን አዋጁ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

በዚህ ላይ የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ገንዘብ ወደ አሰላ መጥቶ ያውቃል፤ ዘርም፣ ትራክተርም፣ ሊቃውንትም መጥተው ያውቃሉ፤ ሕጉ አብሮ ባልመጣ ጊዜ ግን በረከቱ ለአንዱ ሲሳይ፣ ለሌላው ስደት ሆኗል። ስለዚህም ከተማችን ወደ ጨፌው ስትሄድ፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ይጨመርልን የሚለውን ብቻ ይዛ ብትሄድ፣ የአባቶቿን ታሪክ ያላነበበች ትሆናለች እላለሁ።

በዚያው ዘመን የተፈጸመ ሌላ ነገር አለ፤ ባጭሩ ልለፈው። በ1958 ዓ.ም ትእዛዝ ቁጥር 43 የተባለ የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ሕግ ወጥቶ፣ አውራጃዎች የራሳቸው ምክር ቤትና የራሳቸው ገቢ እንዲኖራቸው አስቦ ነበር፤ ፓርላማው ግን ሳያጸድቀው ቀረ፤ መንግሥት በ17 አውራጃዎች ለሙከራ ጀመረው እንጂ ገንዘቡም ሥልጣኑም ሳይከተለው ባክኖ ቀረ። ከዚያ ቀደም ሲል በ1937 ዓ.ም የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ለከተሞች ስምና ማኅተም ቢሰጣቸውም፣ ከንቲባዎቹን የሚሾማቸው፣ በጀታቸውንም የሚመረምረው ከላይ ያለው መንግሥት ነበር። የአካባቢ አስተዳደር በዚህች አገር ውስጥ አዲስ አሳብ አይደለም ማለቴ ነው። አሳቡ አርጅቷል፤ ሥልጣኑ ግን ገና ሕፃን ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ልመለስ። አሰላ በ1987 ዓ.ም ሕዝብ ሲቆጠር ከ47 ሺህ፣ በ1999 ዓ.ም ሲቆጠር ደግሞ ከ67 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፤ ከአዳማ የሚመጣው 75 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በጭነትና በተሳፋሪ ተጨናንቋል፤ ከኢተያም ከሳጉሬም ከበቆጂም እህሉን ሊሸጥ፣ ሕመምተኛውን ሊያሳክም፣ ልጁን ሊያስተምር የሚመጣው ሰው በዝቷል። የከተማይቱ ነዋሪ በምክክር መድረክ ሲጠየቅ የሚያቀርበው ዝርዝርም እንዲሁ ይበዛል፤ ውኃ፣ መብራት፣ ሆስፒታል፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የወጣቶች ሥራ፣ የቤት መሥሪያ ቦታ። ሁሉም እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ለአንድ ደጅ የሚቀርብ አይደለም።

ማስተዋል የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነው። የማስተማሪያው ሆስፒታል ከአርሲ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ የአልጋው መጣበብ በዋናው የፌዴራሉ መንግሥት ጉዳይ ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው ዋና መንገድም፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱም እንደዚሁ ፌዴራል ናቸው። የሰፈሩ ጐዳና በጌጠኛ ድንጋይ መነጠፉ፣ የቦዩ መጠረግ፣ የገበያው ቆሻሻ መነሣት ግን የከተማዋ የራሷ ሥራ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ከሊዝና ከአገልግሎት የሚሰበስበው ገቢ የተሰጠው ለዚህ ነውና። ጨፌው ሊወስናቸው የሚችላቸው ከሁለቱ መካከል ያሉት ናቸው፤ ለትምህርት፣ ለጤናና ለመሰሉት በድጎማ የሚመጣው በጀት፣ ከከተማ አቅም በላይ የሆነው የውኃ ሥራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የክልሉ ሕግ። የፌዴራሉን ለጨፌ፣ የጨፌውንም ለፌዴራል ብናቀርብ፣ ሁለቱም በትሕትና ተቀብለው በመዝገብ ቤት ያኖሩልናል፤ እኛም አቤት አልን ብለን እንመለሳለን።

ሁለተኛው ማስተዋል የጊዜ ነው። ጨፌው በልማዱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል፤ አንዱ በበጋው አጋማሽ፣ ሁለተኛው የአዲሱ በጀት ዘመን በሚብትበት በሐምሌ ግድም ነው። ሕዝቡ የሐምሌውን ጉባኤ በቴሌቪዥን ሲያይ ነገሩ ያን ቀን የሚወሰን ይመስለዋል፤ እጅ ሲወጣ፣ ሲቆጠርና ሲጨበጨብ ያያልና። ዳሩ ግን የበጀቱ ጥሪ ደብዳቤ ከተጻፈበት፣ መሥሪያ ቤቶች ዕቅዳቸውን ካስገቡበት፣ በገንዘብ ቢሮ ቁጥሩ ከተቈረጠበት፣ በቋሚ ኮሚቴም ከተመረመረበት በኋላ የሚቀረው ማኅተሙ ነው። የአርሲ ገበሬ ስንዴውን የሚዘራው ዝናቡ በያዘ ጊዜ ነው እንጂ ጐረቤቱ ሲያጭድ አይቶ አይደለም፤ ከተማዋም ጥያቄዋን በጥር ካላዘጋጀች በሐምሌ የምታገኘው ወንበርና ቡና ነው። የሕግ ጥያቄ ደግሞ ከበጀቱም ይልቅ ይረዝማል፤ ረቂቅ ይጻፋል፣ ይተቻል፣ ይመለሳል፣ እንደ ገና ይጻፋል፤ በክልሉ የሕግ ጋዜጣ በመገለታ ኦሮሚያ እስኪታተም ድረስ ጸጉር ያሸብታል።

እንግዲህ የትኛው ሕግ ትሉኝ እንደ ሆነ፣ ሁለት ብቻ እጠቅሳለሁ። የመጀመሪያው የንብረት ታክስ ነው። በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ ሲያጸድቅ ጠቅላላውን ማዕቀፍ ደነገገ፤ ዝርዝሩን ግን ክልሎች በየራሳቸው ሕግ እንዲወስኑት ተወላቸው። ከዚህ ግብር የሚጠበቀው የከተሞች ገቢ ሆኖ የከተሞችን አገልግሎት እንዲያጠናክር ነውና፣ የአሰላ ጥቅም ከሊዝ አዋጁ ወዲህ በዚህ ያህል የተነካበት ሕግ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የጡረተኛዋ መምህርት አንዲት ጎጆና የነጋዴው ባለ አራት ፎቅ እንዴት ይለካሉ? ገቢውስ ለከተማዋ በምን ሥርዓት ይደርሳታል? እነዚህን ለፊንፊኔ ባለሙያ ብቻ መተው አይገባም፤ የአሰላ ምክር ቤት የቤቶቹን ብዛትና ዓይነት አስቈጥሮ፣ ቁጥሩን ይዞ፣ ይህ ቢሆን ይህን ያህል ሰው ይጐዳል፣ ይህ ቢሆን ይህን ያህል መንገድ ይሠራል ብሎ መቅረብ አለበት። ካዱ ያስተማረን አንድ ነገር ቢኖር አስቀድሞ መቍጠር ነው።

ሁለተኛው ሕግ የከተማዋን ወሰንና የጢዮ ወረዳን ገበሬ ይመለከታል። አሰላ ወደየትም ብትሰፋ የምትሰፋው በጢዮ ማሳ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬቱን የሚለቅ ሰው ካሣ እንዲከፈለውና መልሶ እንዲቋቋም ያዝዛል፤ ይሁንና የሚቋቋምበትን ዝርዝር ሥርዓት፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚጠብቀው በክልል ደረጃ አጥርቶ መጻፍና ማስፈጸም ይቀራል። በ1960ዎቹ ጭሰኛውን ያነሣው ትራክተር ነበር፤ ዛሬ ገበሬውን የሚያነሣው የችካል ምልክትና የመሐንዲስ ገመድ ነው። ሁለቱን አነጻጽራለሁ እንጂ አላስተካክልም፤ የዛሬው ሰው መብቱ በሕግ ተጽፎለታል። ግን ካሣውን ተቀብሎ፣ በሁለት ዓመት ጨርሶ፣ በገዛ አባቱ ማሳ ላይ በተሠራ ፎቅ ዘበኛ ሆኖ ለሚያድር ሰው የአንቀጽ ቁጥር ምን ይበጀዋል? ከተማዋ ይህን ጥያቄ ራሷ ይዛ፣ የምትሰፋው እርሷ ሆና ሳለ ለተነሺው ተሟግታ ብትቀርብ፣ ጨፌው ቃሏን እንደ ሌላው ልመና አይሰማውም ብዬ አምናለሁ።

እዚህ ላይ በመካከላችን ያሉት ሀደ ሲንቄዎች፣ የሲንቄ እናቶች፣ ይፍቀዱልኝና ስለ እነርሱ ሥርዓት አንድ ነገር ልናገር። በአርሲ ኦሮሞ ልማድ ሴቲቱ በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበላት በትር፣ ሲንቄ፣ ጌጥ አይደለችም። አንዲት ሴት መብቷ ሲደፈር ሲንቄዋን ይዛ ትጮኻለች፤ ጐረቤቶቿም እህል ከምጣድ፣ ልጅ ከእቅፍ አውርደው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጥፋቱ እስኪካስና ዕርቅ እስኪወርድ ድረስም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በሉቃስ ወንጌል ያለችው መበለት ዳኛውን ያሸነፈችው ብቻዋን ቆማ ነው፤ የአርሲ ሴቶች ግን የሚያሸንፉት አብረው ወጥተው ነው። ስለዚህ አሰላ ለብቻዋ ከመሄድ ይልቅ፣ በቆጂንና ሁሩታን፣ ኢተያንና ሳጉሬን፣ አርሲ ሮቤንም ጠርታ፣ በሁላቸው ላይ ያለውን አንድ ጥያቄ በአንድ ድምፅ ብታቀርብ፣ የአንዲት ከተማ ቅሬታ መሆኑ ቀርቶ የሕዝብ አሳብ ይሆናል። በዚህ ዙሪያ ያሉ ከተሞች እርስ በርሳቸው ለአንድ ኮሌጅ ወይም ለአንድ ቢሮ የሚፎካከሩትን ያህል ስለ አንድ ሕግ ተባብረው አያውቁም፤ ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ፉክክሩ ራሱ የሚመጣው ሁሉም የሚጠብቀው ከአንድ እጅ ስለ ሆነ ነው።

የጨፌው የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ መሆኑንም አልዘነጋሁም፤ እኔም በአማርኛ የምናገረው ያደግሁበት ልሳን ስለ ሆነ ነው። ለጨፌው የምናቀርበው ወረቀት ግን በአማርኛ ታስቦ፣ በማታ ተተርጉሞ፣ በጧት የሚቀርብ እንዳይሆን እለምናለሁ፤ በቋንቋው የሚያስብ ሰው ይጻፈው፤ የተተረጐመ አቤቱታ እንደ ተዋሰ ካባ ትከሻ ላይ አይቀመጥም።

አንድ ጊዜ፣ ስሟን በማልጠራት ከተማ፣ ለሕዝብ እንደራሴ የሚሰጥ የጥያቄ ዝርዝር ስናዘጋጅ ከጸሐፊዎቹ አንዱ እኔ ነበርሁ። ማንም እንዳይቀየም ብለን የእያንዳንዱን ቀበሌ ጥያቄ ሁሉ ጻፍን፤ ዝርዝሩ 43 ደረሰ። እንደራሴው በትሕትና ተቀበለን፤ ገጾቹን ገለጠ፤ ገለጠና «ከእነዚህ አንዱን ብቻ ማስፈጸም ብችል የትኛውን ትመርጣላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ስድስት ሰዎች ነበርን፤ ስድስት መልስ ሰጠን። ሰውየው አልሳቀም። ወረቀቱን አጥፎ ከኪሱ ከተተው፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አላውቅም፤ ልጠይቅም አፈርሁ። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲሮጥ ግራ እጁ ጐበጥ የሚለው በልጅነቱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለ ነበር ነው ይባላል፤ 43 ደብተር ቢያሸክሙት ኖሮ መሮጡም ባልኖረ።

በዚህ ሳምንት የቀበሌያችን ዝርዝር ደርሶኛል። 21 ተራ ቍጥር አለው። አሥራ አንዱ የከተማዋ የራሷ ሥራ፣ አምስቱ የፌዴራል ናቸው፤ ከቀሩት አምስት ውስጥ ሁለቱ አንድ ነገርን በሁለት ቃል የሚናገሩ ናቸው። ተራ ቍጥር 4 ላይ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ጭቃ መንገድ በጌጠኛ ድንጋይ እንዲነጠፍ የሚል አለ፤ ያስጻፍሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት እስክሪብቶ አንሥቼ ሰርዤዋለሁ፤ ወረቀቱ ይኸው በእጄ ነው፤ ከንግግሬ በኋላ ለምክር ቤቱ ጸሐፊ አስረክበዋለሁ፤ መንገዱን ግን ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር በሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።